ጥያቄና መልስ፦ «እምነቴ ሰላም ከመስጠት ይልቅ ለምን ይረብሸኛል?»

ጥያቄ፦

መምህር እንደምን አሉ? 41 ዓመቴ ነው፤ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። አጽዋማቱን እጾማለሁ፣ ዐሥራት አወጣለሁ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነኝ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሃያ ዓመት በፊት የነበርኩት ሰው አሁንም እኔው ነኝ። ሚስቴ «አንተ ጾም ሲገባ ቁጣህ ይብሳል» ትለኛለች። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት የተነሳ ከተኳረፍን አራት ዓመት አለፈን። በሥራዬም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ መካከለኛውን ጤፍ ከማኛው ጋር ቀላቅዬ በማኛ ዋጋ እሸጣለሁ። ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው። ከልጅነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። በቅርቡ ደግሞ ስብከት በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይረበሻል፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጥዬ መውጣት ያምረኛል። እምነት ሰላም ይሰጣል ይባል የለም እንዴ? እምነቴ ደክሞ ይሆን? ደግሞስ ወንድሜን ይቅርታ ብጠይቀውና እምቢ ቢለኝስ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ይህን አውጥተህ ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥህ። ብዙዎቻችን ይህንኑ በልባችን ይዘን ነው ቤተ ክርስቲያን የምንመላለሰው። የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

እምነትህ የደከመ አልመሰለኝም። የነቃ ነው የመሰለኝ። ቁስል ሲነካ የሚያመው ሥጋው በሕይወት ስላለ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ወንድምህን ይቅር በል» ሲባል እየሰማህ፣ ራስህን በአዎንታ እየነቀነቅክ፣ አማትበህ፣ ወደ ቤትህ ገብተህ ምሳህን በልተህ የኖርክበት ጊዜ ነው ሊያስፈራህ የሚገባው። አሁን ቃሉ ደረሰህ። ያመመህም ለዚህ ነው።

ስለ ሰላም የጠየቅከው ትክክል ነው፤ ጌታ «ሰላሜን እሰጣችኋለሁ» ብሏል። ግን አስከትሎ «እኔ የምሰጣችሁ ዓለም እንደሚሰጥ አይደለም» ይላል (ዮሐ 14፥27)። ዓለም የሚሰጠው ሰላም ማንም እንዳይነካህ ነው። ሒሳብህን ማንም አይጠይቅህም፣ ኩርፊያህን ማንም አያነሳብህም፣ አንተም ደኅና ነኝ ብለህ ትተኛለህ። የጌታ ሰላም ግን መጀመሪያ ቤቱን ያጸዳል። በዐቢይ ጾም ሦስተኛ እሑድ፣ ምኩራብ በምንለው፣ የምናነበውን አስታውስ። ጌታ በመቅደስ ውስጥ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ነው ሻጮቹን ያስወጣቸው። እነዚያ ርግብ ሻጮች እኮ ዓለማዊ ዕቃ አልነበረም የሚሸጡት፤ ለመሥዋዕት የሚሆን ነው። «እኛ አገልግሎት ላይ ነን» ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። አንተም ከተቀላቀለው ጤፍ ትርፍ ላይ ዐሥራት ታወጣለህ። አልወቅስህም፤ ግን ልብህ ለምን ሰላም እንዳጣ ራስህ ጽፈህልኛል፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

ከምኩራብ ቀጥሎ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛ ሰው። ጌታ የጠየቀው ጥያቄ እኔን ሁልጊዜ ያስቆመኛል፤ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። 38 ዓመት የታመመ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ይጠየቃል። ሰው ከሕመሙ ጋር ይለማመዳላ። መጻጉዕም «አዎ» አላለም፤ «ሰው የለኝም፣ ሌላው ይቀድመኛል» አለ። ምክንያት ነው የዘረዘረው። አንተም «ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው» ብለሃል፣ እኔም የራሴ ዝርዝር አለኝ። ይህ መጻጉዕ ከዳነ በኋላ በሕማሙ ዕለት ጌታን በጥፊ እንደመታው ከአባቶች ስንሰማ አድገናል። እግሩ ድኖ ልቡ ሳይድን ቀረ ማለት ነው። ጸሎታችን ተሰምቶልን፣ ጤና አግኝተን፣ ንግዱም ተቃንቶልን ውስጣችን ያው ሊሆን ይችላል። «ያው የድሮው ሰው ነኝ» ያልከው እዚህ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ፣ መታደስ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንለውጥ ከሚለው «ተሐድሶ» ጋር ስለሚነሳ ብዙ ምእመን ሲሰማው ይደነግጣል። ቃሉን ግን መልቀቅ የለብንም። ንጉሥ ዳዊት በ50ኛው መዝሙር «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ፣ የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ» ብሎ ጸልዮበታል፤ እኛም በጸሎታችን እንደግመዋለን። የሚታደሰው ሃይማኖቱ አይደለም። እኔና አንተ ነን።

በ40 ቀንህ ስትጠመቅ ክርስትና አባትህ አቅፎህ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ አንተ ሰይጣንን ክዷል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለ አንተ አምኗል። አዲስ ፍጥረት የሆንከው ያኔ ነው። ማተቡም የታሰረልህ ለዚህ ነው። አሁን 41 ዓመትህ ነው፤ ያንን ቃል በራስህ አፍና በራስህ ሥራ የምትናገርበት ሰዓት ደረሰ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «አሮጌውን ሰው አስወግዱ፣ አዲሱን ሰው ልበሱ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ወዲያው ምን እንዳለ ታውቃለህ? ስለ ራእይና ስለ ተአምር አላወራም። ውሸትን አስወግዱ አለ። በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ አለ። የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ አለ (ኤፌ 4፥22-28)። ጤፍህ፣ ቁጣህ፣ ወንድምህ፣ ሦስቱም እዚያ አሉ። መልእክትህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ምዕራፍ ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ባለቤትህ የተናገረችው እውነት ነው፤ ስድብ አድርገህ አትውሰደው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ሆዱ ባዶ ሲሆን ውስጡ ያለው ይወጣል። ጾሙ አይደለም ቁጣውን የፈጠረው፤ ቁጣው ነበረ፣ ምግብ ሸፍኖት ነበር። ስለዚህ ጾም መስታወት ሆነልህ ማለት ነው። ችግሩ መስታወቱን አይተን ፊታችንን ሳንታጠብ መሄዳችን ላይ ነው። በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር «ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ የተቆጣው በጾመኞች ላይ ነው። እዚያው «ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ» ይላል፤ ሱቅህ ውስጥ ጆንያ የሚሸከመውን ልጅ በጾም ቀን እንዴት እንደምታናግረው አስብ። አንድ ነገር ልምከርህ። በቁጣ የተናገርክበት ቀን ማዕድ ከመቁረስህ በፊት ባለቤትህን «ይቅር በይኝ» በላት። ልጆችህ እየሰሙ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ስትቆጣ ሰምተውሃልና። ይህች ቃል ከመቶ ስግደት ልትከብድህ ትችላለች። እኔን ከብዳኛለች።

ወደ ጤፉ እንምጣ። «ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው» ያልከውን የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስም (ሉቃ 19) ማለት ይችል ነበር። ቀራጭ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚኖረው። የሚገርመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጌታ «አራት እጥፍ መልስና ቤትህ እገባለሁ» አላለውም። መጀመሪያ ስሙን ጠርቶ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» አለው፤ ማንም ሊገባበት በማይፈልገው ቤት። ዘኬዎስ ከዚያ በኋላ ቆሞ እኩሌታውን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩትንም አራት እጥፍ አለ። ሕጉ እንኳ ይህን ያህል አያስገድደውም ነበር፤ በዘኍልቍ 5 ላይ በደሉን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን ከነአምስተኛው ጨምሮ ይመልስ ነው የሚለው። ፍቅር ሲገባ ሰው ሒሳቡን ከሕጉ አስበልጦ ይሠራል።

አንተ ከነገ ጠዋት ጆንያዎቹን ለይ። ማኛው ለብቻው፣ መካከለኛው ለብቻው፤ ገዢ ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገረው፣ ዋጋውንም እንደዚያው አድርግ። ትርፍህ ይቀንሳል፤ ይህን አልደብቅህም። የለመደህ ደንበኛ ካለና እንደጎዳኸው ካወቅክ ለእሱ መልስለት፣ ወይም በሚቀጥለው ግዢው ላይ ካሰው። ለማታውቀው ሰው የሆነውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካክረህ ለችግረኛ ስጥ፤ ግን ስምህ በሚጠራበት ቦታ አይሁን።

የንስሐ አባት አለህ ወይ? አልጻፍክልኝም። ምናልባት አለህ፣ እንደ ብዙዎቻችን ቤት በበዓል ቀን መጥተው፣ ጠበል ረጭተው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ፤ አንተም ጉልበት ስመህ ትሸኛቸዋለህ። ይህም በረከት ነው። ግን ቁስልህን አይተውት አያውቁም። ሐኪም ቤትህ ድረስ እየመጣ ሕመምህን የማትነግረው ከሆነ እንዴት ይሆናል? በዚህ ሳምንት ራስህ ሂድ። ለእኔ የጻፍከውን ለእሳቸው ንገራቸው፣ ከዚህ የበለጠ ማሳመር አያስፈልግም። ቀኖናውን ተቀበልና ፈጽመው። ቁርባኑም ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ ነው» የሚለውን አባባል የትም አላገኘሁትም፤ መሀል ዕድሜ ላይ ያለነው እኮ ነን ፈተናው የበዛብን። መድኃኒቱን ከታመመው ሰው ማራቅ ምን ይባላል? ከባለቤትህ ጋር ተነጋግራችሁ አብራችሁ ተዘጋጁ።

ወዲያው ሌላ ሰው እሆናለሁ ብለህ ግን አትጠብቅ። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር። መነኩሴ ከሆነ በኋላም የድሮው ሐሳብ እየተነሳበት በበዓቱ፣ ብቻውን በሚኖርበት ክፍል፣ መቀመጥ ተስኖት ነበር፤ አንተ ቅዳሴውን ጥለህ መውጣት እንዳማረህ ማለት ነው። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ይህንኑ ነገራቸው። እሳቸውም ወደ ላይ ይዘውት ወጥተው መጀመሪያ ምዕራቡን አሳዩት፤ አጋንንት ለውጊያ ሲተራመሱ አየ። ከዚያ ምሥራቁን አሳዩት፤ መላእክት ተሰልፈው አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ አሉት፤ እሱም በርትቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ፈተናው እዚያው ነበር፤ የሚረዱት እንዳሉ ግን አወቀ። ለዚህ ነው «ጥዬ ልውጣ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣብህ እዚያው ቁም የምልህ። ፊትህም ወደ ምሥራቅ ነው።

አሁን ወደ ወንድምህ።

እኔ በወጣትነቴ ከአንድ የአገልግሎት ጓደኛዬ ጋር ተቀያይሜ ነበር። ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ግን ወራት ቆየ። እያስተማርኩ፣ እየዘመርኩ ነበር። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለት ነው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እጅ እነሣለሁ፤ እሱ ባለበት በኩል ግን አልዞርም። አንድ እሑድ ከአጠገቤ የቆመው እሱ ሆኖ ተገኘ። አንገቴ አልዞር አለኝ። እግዚአብሔር ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ የጠየቀኝን ነገር ነው እምቢ ያልኩት። ያን ቀን ሳልቆርብ ወጣሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠብቄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እሱም እያለቀሰ አነሳኝ፤ እሱም ተጨንቆ እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው።

ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ ሂድ» ነው ያለው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ቤቱን በተመለከተ፣ መታረቅ ማለት ድርሻህን ተው ማለት አይደለም። ስለ ርስት ክፍያ የጠየቀውን ሰው ጌታ «ፈራጅና አካፋይ ማን ሾመኝ?» ብሎታል (ሉቃ 12፥14)፤ ያንን ሽማግሌም ሆነ ሕግ ይጨርሰው። ሰላምታው ግን የቤቱን ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። አራት ዓመት ጠብቋል።

እምቢ ቢልህስ? ሊልህ ይችላል። ታላቅህ ነውና ስልክ አትደውል፣ በአካል ሂድ፤ ብቻህን ከከበደህ የንስሐ አባትህን ወይም ሁለት የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ይዘህ ሂድ። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አታንሳ። በር ቢዘጋብህ በትዕግሥት ተመለስ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሂድ። ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ብሎ ነው የጻፈው (ሮሜ 12፥18)፤ በአንተ በኩል ያለውን ከጨረስክ የእሱ በኩል በአንተ አይጠየቅም። ንስሐህንም አያግድብህም፣ የንስሐ አባትህ ይፈቱሃል።

የሁለታችሁንም የክርስትና ስም ላክልኝ። የወንድምህን ከረሳኸው እናታችሁን ጠይቃት፣ በሕይወት ካለች፤ ለምን እንደፈለግከው ስትነግራት ደስ ይላታል።