ከላስቲክ ቤት የወጣው የቲማቲም ችግኝ ለምን ነጣ?

«አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ላስቲክ ቤት ውስጥ ያፈላሁትን የ5 ሳምንት የቲማቲም ችግኝ ወደ መደብ አዛወርኩ። በሦስተኛው ቀን የላይኛዎቹ ቅጠሎች እንደ ወረቀት ነጡ። ምን ልርጭበት?»

ምንም አይርጩ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ድርና ጥቃቅን ሸረሪቶች ካሉበት ተባይ ነው። ጀርባው ንጹሕ ከሆነና ሌላ ቅጠል ያጠላበት ቦታ ብቻ ቅርጹን ይዞ አረንጓዴ ከቀረ፣ ያቃጠለው ፀሐይ ነው።

ቅጠል አልትራቫዮሌት ቢን፣ ማለትም ዓይን የማያየውን የሚያቃጥል የፀሐይ ጨረር፣ የሚያውቀው ዩቪአር8 በተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጨረሩ ሲያርፍበት ይላቀቅና ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ፍላቮኖይድ የሚያሠሩ ጂኖችን ያስነሳል። ፍላቮኖይዱ የቅጠሉ ቆዳ ላይ ተጠራቅሞ ጨረሩን ያስቀራል፣ ምግብ የሚሠራበትን ብርሃን ግን ያሳልፋል። ይህ ቀናት ይፈልጋል። አብዛኛው የግሪን ሃውስ ላስቲክ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው የሚጨመርበት ነገር አልትራቫዮሌትን ስለሚውጥ፣ ችግኝዎ ምልክቱ ሳይደርሰው አደገ። ከዚያ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ላይ በአንዴ ለቀትር ፀሐይና ለነፋስ ተጋለጠ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10% ገደማ ይጨምራል።

አሁን 50% የሚያጠላ መረብ ከችግኙ 60 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገው ይወጥሩ። ላስቲክ አይሁን፤ መረቡ በቀዳዳው ጨረሩን እየቀነሰ ያስገባል፣ ላስቲኩ ግን መልሶ ይጋርደዋል። ለ6 ቀን ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያልብሱት፣ ጠዋትና ማታ ይግለጡት። ጠዋት ጠዋት ሥሩን ያጠጡ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ዩሪያ አይጨምሩ። በከፊል አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል አይቁረጡ፣ አሁንም ተክሉን ይመግባል። የነጣው ተመልሶ አይለመልምም፤ መታየት ያለበት አዲስ ቅጠል የሚያወጣው የችግኙ ጫፍ ነው። ጫፉ ከደረቀ ችግኙን ይተኩ።

ለሚቀጥለው፣ ከመትከልዎ 10 ቀን በፊት ያውጡት። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ሰማይ ግን በሚታይበት ግድግዳ ሥር ያኑሩት። ከሰማይ ተበትኖ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ ቀላል አይደለም፤ ሳያቃጥል ያነቃዋል። ዛፍ ሥር አይሆንም፣ የዛፉ ቅጠል ጨረሩን ይውጠዋል። መስኮት ውስጥም አይሆንም፣ መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ለ1 ሰዓት ያህል የጠዋት ፀሐይ ይስጡት፤ በየቀኑ 1 ሰዓት ይጨምሩ። ውኃውን ይቀንሱ እንጂ እንዲጠወልግ አይተዉት። ቅጠሉ ወፈር፣ ግንዱ አጠር ሲል ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይትከሉት።