የሊባኖስ ዝግባና የደብራችን ዝግባ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «መዝሙረ ዳዊት ጻድቅን በሊባኖስ ዝግባ ይመስለዋል። በደብራችን ቅጥር ግቢ የቆመው ዝግባ ማለት ነው? ካልሆነስ የሊባኖሱን ምን እንበለው?»

አይደለም። ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነው።

ሁለቱም አበባ አያወጡም፤ ዝምድናቸው እዚያ ላይ ያበቃል። የሊባኖሱ ከፓይን ቤተሰብ ነው፣ ሴድረስ ሊባኒ። የኛው ከፖዶካርፐስ ቤተሰብ ሲሆን ዛሬ አፍሮካርፐስ ይሉታል። ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል። የሊባኖሱ በርሜል የሚመስል ደረቅ ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኛው ሥር ግን የሚለቀመው ብይ የምታክል ድቡልቡል ፍሬ ነው።

የስሙ መደባለቅ ጉዳት አለው። የዝርያዎች የመጥፋት ስጋት በሚመዘገብበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ የሊባኖሱ «ለአደጋ ተጋላጭ» ነው፤ የኛው «ብዙም የማያሰጋ»። የአገራችን የ1986ቱ የደን አዋጅ ግን ዝግባን ከጥድ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እንግዲህ አንድ ጋዜጣ «ዝግባ አደጋ ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍ የትኛውን ነው?

«ጥድ ይባል፤ እንጨቱ ይሸታል፣ ምስጥም አይደፍረውም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጥድ የራሱ ጥንታዊ ስም ያለው ዛፍ ነው። በግእዝ ጽሕድ፣ በትግርኛ ጽሕዲ ነው። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ሁሉ ጽ ወደ ጥ ዞረ፤ ሐውም ተዋጠ። ደግሞ ጥድ የሳይፕረስ ቤተሰብ ነው፤ ለሊባኖሱ እሱም ባዳ ነው። በዚያ ላይ «የፈረንጅ ጥድ» የሚባል ሌላ ዛፍ ተጭኖበታል። ስንቱን ይሸከም?

እኔ የምወደው አርዝን ነው። ዕብራይስጡ ኤሬዝ፣ ዐረብኛው አርዝ ይለዋል፤ እኛም «አርዘ ሊባኖስ» ስንል ኖረናል። አጭር ነው፣ ሌላ ዛፍም አይነካም።

እርግጥ የግእዙ ዳዊት ራሱ «ወይበዝኅ ከመ ዘግባ ዘሊባኖስ» ይላል። ይህ ለኔ ወገን አይመችም፤ ስሙ የተዋሰው ትናንት አይደለምና። ሕዝቡም ዝግባን መርጧል፤ ሳልወድ እቀበላለሁ። ጆሮዬ ግን አሁንም አርዝን ይመርጣል። ስለዚህ ጠያቂዬ፣ ዝግባ ብለው ቢጽፉ አልሰርዝብዎትም፤ «የሊባኖስ» የምትለዋን ቃል ግን አይጣሏት።