አኒሞኒ መሃል የሚኖረው ሽሪምፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ሽሪምፑ መርዘኛው የባሕር አኒሞኒ መሃል ተቀምጦ እንዴት አይነደፍም? ዓሣውስ አፉ ድረስ ገብቶለት ለምን አይውጠውም?» ብለው ያዙኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሽሪምፕ ቅርፊትና ብዙ እግር ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ ነው፤ የባሕር አኒሞኒ ደግሞ አበባ ቢመስልም የሚናደፉ ክሮች ያሉት እንስሳ ነው። በካሪቢያን ባሕር ኮራል ሪፎች (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቧቸው ድንጋያማ ክምሮች) የሚኖረውን የፔደርሰን ሽሪምፕ እንውሰድ። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ገላው ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ነጠብጣብ አለበት።

ከመርዙ የሚጠብቀውን ነገር የሚያገኘው በመላመድ ነው። መጀመሪያ ሲጠጋ ይነደፋል፣ ይሸሻል፤ ተመልሶ በእግሩ ጫፍ ነካ ያደርጋል። እንዲህ ደጋግሞ ከለመደ በኋላ ክሮቹ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ለቀናት ከአኒሞኒው ከተለየ ግን እንደ አዲስ መላመድ ግድ ይለዋል።

ዓሣው ደግሞ ደንበኛ ነው። ሽሪምፑ ረጃጅም ነጭ አንቴናዎቹን ሲያርገበግብና ገላውን ሲያወዛውዝ ያየ ዓሣ ቀርቦ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዱ ቀለሙን ይለውጣል፣ አፉን ይከፍታል። ሽሪምፑም ላዩ ላይ ወጥቶ ደም መጣጭ ተባይና የሞተ ቆዳ ይለቅማል፤ ከብት ጀርባ ላይ መዥገር እንደምትለቅም ወፍ ማለት ነው። ቢውጠው አንድ ጉርሻ፣ ቢተወው ግን ነገም የሚያጸዳው አለ። ለተማሪዎችዎ «ወዳጅነት» ብለው ባያስረዱት እንመርጣለን፤ ሁለቱም የመጡት ለጥቅማቸው ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 100 ሊትር አኳሪየም አለኝ። የጣና ውሃ ላይ የገበያ ጨው ጨምሬ ሽሪምፕና አኒሞኒ ላኖር እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በገበያ ጨው አይሞክሩት። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ ማግኒዥየሙ 1.3፣ ካልሲየሙ 0.4 ግራም ያህል ነው። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽሪምፕ በእሱ ብቻ አይኖርም። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ይበቃዎታል። ውሃውም የሐይቅ ሳይሆን በደንብ የተጣራ ይሁን፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታውን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። የአየር ፓምፑ ሌሊትም አይጥፋ፤ መብራት ሲሄድ የሚሠራ ባለ ባትሪ ፓምፕ ይኑርዎት። ውሃ ሲተን ጨው እንደማይተንም ያስታውሱ፦ መስታወቱ ላይ መስመር ያስምሩና የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ይሙሉ።

አኒሞኒውን ለጊዜው ይተዉት። ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል፣ ከቦታ ቦታም ይሄዳል፤ ፓምፑ ከሳበው ተቆራርጦ ውሃውን ይመርዛል። ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቁ፣ የፓምፑንም አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑ። እስከዚያው ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለበት ቀይ የጽዳት ሽሪምፕ ይሻላል፤ እሱ ያለ አኒሞኒ ይኖራል።

ሲያስገቡት የአኳሪየሙን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያለማምዱት፤ የጨው መጠን ድንገት ሲለወጥበት ይሞታል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም ይገድለዋል። አንድ ጠዋት ባዶ ቅርፊት ወድቆ ቢያዩ ግን አይደንግጡ፤ ባለቤቱ ድንጋይ ሥር ተደብቋል፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አንድ ሁለት ቀን አይነካኩት።