«መለወጣቸውን በምን አወቅሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሶሻል ወርክ ተመርቀሻል። ካዛንቺስ ያለ አንድ ድርጅት ለኬዝ ወርከርነት (ባለጉዳዮችን አንድ በአንድ እየተከታተሉ ለመርዳት ሥራ) ኢንተርቪው ጠርቶሽ «የረዳሻቸው ሰዎች መለወጣቸውን በምን አወቅሽ?» ሲሉሽ «በጣም አመስግነውኛል» አልሽ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ምን ማለት ነበረብኝ?» ነው ጥያቄሽ።

አትሸማቀቂ። ይህ ጥያቄ ሙያውን ራሱን አስጨንቆታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ጆኤል ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የማነጻጸሪያ ቡድን (ከተረዱት ጋር የሚወዳደሩ ሌሎች ሰዎች) የነበራቸውን ጥናቶች ሰብስቦ ካየ በኋላ፣ ኬዝወርክ፣ ማለትም ይኸው የኬዝ ወርከር ሥራ፣ ውጤት ማምጣቱን የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ የለም አለ። ብዙ አከራከረ።

ሲቪሽ «24 ባለጉዳዮችን አገልግያለሁ» ይላል። ይህ መድከምሽን እንጂ የእነሱን መለወጥ አይናገርም። ምስጋናውም ያው ነው። ቤቱ ድረስ ለመጣ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት እኛ ጋ ይሉኝታም ነው።

ለገሃር አካባቢ የረዳሽውን ሊስትሮ እንውሰድ። ማታ ትምህርት እንዲመለስ ነበር የፈለግሽው። ሥራ ሳትጀምሪ በሳምንት ስንት ቀን ክፍል ይገባ ነበር? መነሻው እሱ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ትመዘግቢያለሽ። በ1968 እ.ኤ.አ. ኪረሱክና ሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት የግብ መለኪያም ለዚህ ይመቻል። ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ አምስት ደረጃ ታወጣላችሁ። የምትጠብቁት፣ በሳምንት 3 ቀን መማር፣ ዜሮ ይሁን። 4 ቀን ከሆነ ሲደመር 1፣ 5ቱንም ከገባ ሲደመር 2። አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ሲቀነስ 1፣ ጭራሽ ከቀረ ሲቀነስ 2። ደረጃው ሥራው ሳይጀመር መውጣት አለበት። በኋላ ከወጣማ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው!

ቁጥሩ ቢያድግም «እኔ ለወጥኩት» አትበዪ። ምናልባት ታላቅ ወንድሙ ሥራ አግኝቶ የቤቱ ሸክም ቀሎለት ይሆናል። «እየተገናኘን ሳለ ከዚህ እዚህ ደረሰ» በዪ። ጠያቂዎች እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ያምናሉ። ያልተሳካልሽንም አንድ ኬዝ ጨምሪበት፤ ምን እንደቀየርሽ ንገሪያቸው።

ያልመዘገብሽውን ቁጥር ግን እንዳትፈጥሪ። ተለማምደሽ የነበረበት ድርጅት ሄደሽ ሱፐርቫይዘርሽን አስፈቅጂና ፋይሉን እይ። የልጁን ስምና ሰፈር እዚያው ተይው። ማክሰኞ ከሰዓት አራት ኪሎ ቢሮዬ አለሁ። ማስታወሻ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ ሲቪው ይቆይ።