ቲ ሴሎቼ በ8ኛው ቀን ለምን ቆሙ?

ጥያቄ፦ በላብራቶሪያችን ከደም የለየኋቸውን ቲ ሴሎች (በሽታ የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) በማግኔታዊ ቢድስ (ጥቃቅን ዶቃዎች) አነቃቅቼ አሳድጋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነው። በ8ኛው ቀን ግን መባዛት ያቆማሉ። ቢድስ ብጨምርባቸው ጭራሽ መሞት ጀመሩ። (የማስተርስ ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቢድስ መጨመሩን ለጊዜው ተዪው። ቲ ሴል ሲነቃ ያብጣል፣ መባዛቱን ሲጨርስ ደግሞ መልሶ ያንሳል። ይሄ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ቀን ገደማ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የሴሎቹን መጠንም ለኪ። ካነሱና በሕይወት ካሉ አርፈዋል ማለት ነው፤ ያኔ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማስቀመጥ ትችያለሽ። መቁጠሪያ ማሽንሽንም እዪው። ቢድሱ 4.5 ማይክሮሜትር ስለሆነ አንዳንዱ ማሽን እንደ ሴል ይቆጥረዋል፤ ያኔ ቁጥርሽ ሁሉ ውሸት ነው።

እኔ ግን የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቢድስ መቼ እንዳወጣሽ አልጻፍሽም። ላዩ ላይ የተለጠፉት፣ ሲዲ3 እና ሲዲ28 የተባሉትን የሴሉን ማነቃቂያ ፕሮቲኖች የሚይዙት አንቲቦዲዎች እዚያው እስካሉ ድረስ ሴሉን መቀስቀሳቸውን አያቆሙም። እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት ነው፣ መጨረሻው ማረር ነው። አንቺ ደግሞ እሳቱን ጨመርሽበት። ለማረጋገጥ ሴሉ ላይ የሚወጡትን የፍሬን ፕሮቲኖች፣ ፒዲ-1፣ ቲም-3 እና ላግ-3ን አንድ ላይ እዪ። ፒዲ-1 ብቻውን አያስደንግጥሽ፣ በጤናማ ንቃትም ይወጣል። ሦስቱም ከፍ ብለው ከቆዩ ግን ሴሎቹ ዝለዋል።

በሚቀጥለው ዙር አንድ ቢድ ለአንድ ሴል አድርገሽ ጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ፒፔት አታስገቢ፤ ሴሎቹ ተሰባስበው የሚሠሩት ጉብታ ይፈርስብሻል። ከዚያ በኋላ እየቆጠርሽ አዲስ ሚዲያ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ጨምሪ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከግማሽ እስከ 1 ሚሊዮን ሴል ይበቃል። ጉብታዎቹ መላላት ሲጀምሩ በደንብ በፒፔት በትኚ፣ ማግኔት ላይ አስቀምጪ፣ ፈሳሹን ወደ አዲስ ቱቦ አዛውሪ። አንዴ አይበቃም፣ ድገሚው። ለሕመምተኛ በሚሰጥ ሴል ውስጥ ቢድስ መቅረት የለበትም፣ ከአሁኑ ልመጂው። ኢንተርሉኪን-2 (ሴሎቹ እንዲያድጉ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን) ብቻ ከሆነ የምትሰጪው፣ ኢንተርሉኪን-7ን እና 15ን ሞክሪ። ወጣትነታቸውን ይበልጥ የጠበቁ ሴሎች ታገኛለሽ።

ማግኔቱ ካሰለቸሽ፣ አንቲቦዲዎቹን የተሸከመ ናኖማትሪክስ (ከቢድስ እጅግ ያነሰ ደቃቅ ማነቃቂያ) አለ፤ በሴንትሪፉጅ ታጥቦ ይወጣል። በ2018 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀጫጭን የሲሊካ ዘንጎችን ስብ አልብሰው፣ ኢንተርሉኪን-2 ቀስ እያለ እንዲለቁ አድርገው አቅርበዋል። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ፤ ላንቺ ግን አሁን አልመክርም። መጀመሪያ ያለሽን ቢድስ በሰዓቱ አውጪና የየቀኑን መጠንና ብዛት መዝግበሽ ላኪልኝ።