ቀንድ አውጣዋና የታሪክ ተማሪው፦ ስለ ማስታወስ ለጠየቃችሁኝ

ትውስታ በነርቭ ሴሎች ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ስላጠናው ስለ ኤሪክ ካንደል ባወራኋችሁ ማግስት ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው የታሪክ ሰው ነው ወይስ የነርቭ ሳይንቲስት?

መልስ፦ ሃርቫርድ የተማረው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው። በ1929 ቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ገና 8 ዓመቱ ነበር፤ በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። የመመረቂያ ጽሑፉም ጀርመንኛ ጸሐፊዎች ለናዚዝም ስለነበራቸው አመለካከት ነው። ሕክምናና የነርቭ ጥናት ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2000 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሰዎች ጋር ተጋራ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከቀንድ አውጣ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ አፕሊዥያ የምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ናት። የነርቭ ሴሎቿ 20,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዓይን እስኪታዩ ድረስ ትልልቅ ናቸው። ስትነካ ስንጥቧን ትሰበስባለች። ጅራቷን በኤሌክትሪክ አንዴ ሲነዝሯት ለጥቂት ደቂቃ በትንሽ በትልቁ ትበረግጋለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች። እያሳረፉ አምስት ጊዜ ሲነዝሯት ግን ለቀናት አትረሳም። (ምስኪን!) ልዩነቱ ሴሎቹ ውስጥ ነው። ለአጭር ጊዜ ትውስታ ድሮ የነበረው የሴሎች ግንኙነት ይጠነክራል፣ በቃ። ለረጅሙ ግን ጂኖች ይነቃሉ፣ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ አዲስ ግንኙነት ይበቅላል። ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ የአጭሩ ትውስታ ይኖራል፣ የረጅሙ አይፈጠርም።

ጥያቄ፦ እኔ ሌሊቱን ሸምድጄ ጠዋት እፈተናለሁ። ውጤቴም አሪፍ ነው። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለጠዋቱ ምንም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው።

ጥያቄ፦ የቆሎ ተማሪስ? እሱም ዳዊቱን ሸምድዶ አይደል?

መልስ፦ ኧረ ወዲያ! እሱ ቀለሙን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀበላል፣ ሲደጋግመው ይውላል፣ ከዚያ የኔታ ፊት በቃሉ ያሰማል። ያ እንግዲህ የቀንድ አውጣዋ እያሳረፉ መደጋገምና የ2006ቱ ተማሪዎች ዘግቶ ማስታወስ በአንድ ላይ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምፒውተር ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሎጂክና አንትሮፖሎጂ ያስተምሯታል። ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ እናቴ። ታሪክ ማጥናቱ ካንደልን ነርቭ ላይ መሣሪያ መትከል አላስተማረውም። ግን የልጅነቱ ቪየና ለምን ከአእምሮው እንደማይወጣ የጠየቀ ሰው ነው፤ ታሪክም፣ ቀንድ አውጣም የመረመረው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ያ ሎጂክ በስላይድ ተሸምድዶ ለፈተና ብቻ ከሆነ ግን እርስዎ ልክ ነዎት።

ጥያቄ፦ ለፈተና የሚሆን የማስታወሻ ኪኒን አለ?

መልስ፦ የለም። በጊዜ ተኛ።