ከ8 ሙያ ወደ 2፦ አውሮፓዊ መልክ ያለው ሰዋስው ስለመሥራት

ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ለልብ ወለድህ ወደ ላቲንና ጀርመንኛ የሚያዘነብል ቋንቋ እየፈጠርክ ነው፤ 8 የስም ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ፣ አገናዛቢ ወዘተ)፣ 3 ጾታና 6 ጊዜ ያለው ሠንጠረዥ ሞልተሃል፤ ሲነበብ ግን ሕይወት የለውም።

የሙያዎቹ ብዛት አይደለም ጥፋቱ። ፊንላንድኛ 15 አለው። ጥፋቱ እያንዳንዱ ሳጥን ለብቻው ቅጥያ ማግኘቱ ነው። በላቲን ብዙ ቁጥር ላይ የተቀባዩና የመነሻው ሙያ ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ ናቸው፤ ግዑዝ ጾታ ባላቸው ስሞች ደግሞ ባለቤትና ተሳቢ አይለያዩም። ይህ መደራረብ ማንም ያላቀደው የረጅም ታሪክ ውጤት ስለሆነ፣ አንተም ሠንጠረዡን ከመሙላት ይልቅ ሠርተህ ብታፈርሰው ይሻላል።

መጀመሪያ የቋንቋውን አያት ሥራ፤ 4 ሙያ ይበቃዋል። “ቤት” የሚለው ስም ለባለቤት ካልዶስ፣ ለተሳቢ ካልዶም፣ ለአገናዛቢ ካልዲ፣ ለተቀባይ ካልዶ ይሁን። አሁን አንድ ሕግ አውጣ፦ በቃል መጨረሻ ያሉ “ስ” እና “ም” ይወድቃሉ። ውጤቱ ካልዶ፣ ካልዶ፣ ካልዲ፣ ካልዶ ነው። ከአራቱ የተረፉት ሁለት ቅርጾች ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና “ለዚህ ቃል ሕጉ አይሠራም” ብሎ ያልፈዋል። አትለፈው፤ ቋንቋህ ባሕርይ የሚያገኘው ከዚሁ ጉዳት ነው።

ማን ማንን እንደመታ ከስሙ መጨረሻ ማወቅ ካልተቻለ ሌላ ነገር ሸክሙን መውሰድ አለበት። ፈረንሳይኛ የቃላትን ቅደም ተከተል አጥብቆ ያዘ። ጀርመንኛ ሸክሙን በአብዛኛው ለመስተአምሩ (ከስም ጋር ለሚሄደው፣ እንደ እንግሊዝኛው “ዘ” ላለው ቃል) ሰጠ፤ “ዴር ሁንት” ውሻው ባለቤት ሲሆን፣ “ዴን ሁንት” ውሻው ተሳቢ ሲሆን ነው። ስፓኒሽ ተሳቢው ተለይቶ የታወቀ ሰው ከሆነ ፊቱ “አ” የሚል መስተዋድድ ያስገባል። ከሦስቱ አንድ ወይም ሁለት ምረጥ። ሦስቱንም ከደረብክ ስሙ ላይ የቀረው ቅጥያ ሥራ ያጣል። ተውላጠ ስሞች ላይ ግን የድሮውን ሙያ እንዳለ አቆየው፤ በእነሱ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው።

መስተአምርም ከባዶ አይፈጠርም፤ ከጠቋሚ ቃል አውጣው። የላቲኑ “ኢሌ” (ያ) ነው የስፓኒሹ “ኤል” የሆነው። ሮማንያኛ ከዚያው ምንጭ የመጣውን ከስሙ ኋላ ለጠፈው፦ ሉፕ ተኩላ፣ ሉፑል ተኩላው።

ጾታን በሳንቲም ዕጣ አታድል። የቃሉ መጨረሻ ይወስን፤ በጀርመንኛ “ኡንግ” የሚል ድኅረ ቅጥያ ያላቸው ስሞች አንስታይ ናቸው፣ የማሳነሻው ቅጥያ “ኸን” ደግሞ ግዑዝ ያደርጋል፤ “ሜትኸን” (ልጃገረድ) ሳትቀር ግዑዝ ናት። ቅጽሉ፣ መስተአምሩ ወይም ተውላጠ ስሙ ካልተለወጠ ጾታ አለ ማለት አይቻልም።

ለግሱ 6 ጊዜ በእርባታ መሥራት ትርፍ ነው። የጀርመን ቤተሰብ ቋንቋዎች በእርባታ የሚለዩት ያለፈውንና ያላለፈውን ብቻ ነው፤ ሌላው በረዳት ግስ ይሄዳል። ረዳት ግስ ሲያረጅ ቅጥያ ይሆናል፦ የላቲኑ “ካንታሬ ሃቤኦ” (መዝፈን አለኝ) በስፓኒሽ “ካንታሬ” (እዘፍናለሁ) ሆኗል። የእኛው “እዘፍናለሁ” ራሱ “እዘፍን” እና “አለሁ” ተጣብቀው የመጡ ስለሆኑ መንገዱ ለአንተ እንግዳ አይደለም። ኢመደበኛ ግሶችን ደግሞ “መሆን”፣ “መሄድ”፣ “መኖር” በመሳሰሉ በየቀኑ በሚነገሩት ላይ ብቻ አድርግ። ፈረንሳይኛ “ቬ” (እሄዳለሁ)፣ “አሎን” (እንሄዳለን)፣ “ኢሬ” (ወደፊት እሄዳለሁ) ሲል የአንድ ግስ እርባታ ነው፤ ብዙም የማይነገር ግስ ግን እንዲህ ያለ ቅርጽ ተሸክሞ አይቆይም።

ቋንቋው እንደ ኤስፔራንቶ ለመግባቢያ የታሰበ ቢሆን ኖሮ ምክሬ በተገላቢጦሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ሲወጣ ሰዋስዉ በ16 ሕጎች የታጠረው ለመማር እንዲቀል ነው። የልብ ወለድ ሕዝብን ቋንቋ ግን እንዲህ ያለ እንከን የለሽነት ይጎዳዋል።

ሠንጠረዡን ዝጋና “ትናንት ያየኋት ልጅ ለወንድሟ የሰጠችውን መጽሐፍ አላነበብኩም” የሚለውን ወደ ቋንቋህ መልስ። ግሱ መጨረሻ ላይ ከቀረና “ያየኋት” ከ“ልጅ” በፊት ከመጣ፣ የሠራኸው አማርኛ በሌላ ቃላት ነው። አውሮፓዊ መልክ ከፈለግህ አንጻራዊው ሐረግ (“ትናንት ያየኋት” የሚለው) ከስሙ ኋላ ይምጣ። ጀርመንኛን ከመረጥክ ደግሞ በዋናው ዐረፍተ ነገር ግሱ ሁለተኛ ቦታ ይቁም፣ በጥገኛው ወደ መጨረሻ ይሂድ፤ “እኔ ትናንት ልጅቷን አየኋት” በመሰለ ዐረፍተ ነገር ደግሞ “ትናንት”ን ፊት ስታመጣ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ መዝለሉን ፈትሽ።